ሳይቆፍሩ ማወቅ፦ የማርስ ስውር በረዶ ከምህዋር ላይ እንዴት ተገኘ?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ሰማይ ማየት የምትወዱ ሁሉ፣ እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ በረዶ ነው። በረዶው ያለው ማርስ ላይ ነው። የተኛው ከአፈር ስር ነው። እላዩ ላይ ብትቆሙ እንኳ አታዩትም። ሰዎች ግን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በምትዞር መንኮራኩር አማካይነት «እዚህ ጋ አለ፣ ያውም ቅርብ ነው» ማለት ችለዋል። እንዴት እንደቻሉ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። የት ላይ እርግጠኛ እንደሆኑና የት ላይ ገና እንደሚከራከሩም አልደብቃችሁም። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለየትኛው በረዶ እንደምናወራ እንስማማ። የማርስ ሁለቱ ዋልታዎች ነጭ ናቸው። ይሄ በቴሌስኮፕ ከታየ ዘመናት አልፈዋል። እኔ የምለው ከዋልታዎቹ ርቆ፣ ቀይ አፈር ለብሶ፣ ከላይ ሲያዩት ተራ ሜዳ የሚመስለውን ነው። ስለ ፈሳሽ ውሃም አይደለም። በ2018 ከደቡብ ዋልታ በረዶ ስር ፈሳሽ ውሃ ሳይኖር አይቀርም የሚል ዜና ወጥቶ ነበር። እሱ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያለና አሁንም የሚያከራክር ሌላ ጉዳይ ነው። የእኛ በረዶ ጥልቀቱ በሴንቲሜትርና በጥቂት ሜትሮች የሚለካ ነው።

ጥልቀቱ ለምን ያሳስበናል? ሰው አንድ ቀን ማርስ ላይ ቢያርፍ ውሃ ከዚህ ተሸክሞ መሄድ አያዋጣውም። እዚያው ማግኘት አለበት። ውሃ ካለ ይጠጣል፣ ኦክስጅን ይወጣዋል፣ ከማርስ አየር ካርቦን ጋር ተዳምሮ ደግሞ ለመመለሻ ሮኬት የሚሆን የሚቴን ነዳጅ ይሰራል። 30 ሴንቲሜትር ላይ ያለ በረዶ በአካፋ ይወጣል። 10 ሜትር ላይ ያለ በረዶ ግን ከባድ ማሽን ይጠይቃል። ያንን ማሽን ማርስ ማድረስ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዞ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። መሐንዲሶች ማረፍ የሚፈልጉት ወደ ማርስ ወገብ ጠጋ ብለው ነው። እዚያ ፀሐይ አለ፤ ብርዱም ትንሽ ይሻላል። በረዶው ደግሞ ከወገቡ ይሸሻል። ስለዚህ ፍለጋው ወደ ወገብ የቀረበ፣ ወደ ላይም የቀረበ በረዶ ለማግኘት ነው። ሁለቱ አብረው መገኘታቸው ነው ከባዱ።

በረዶው የሚሸሸው ለምን መሰላችሁ? የማርስ አየር እጅግ ስስ ነው። ግፊቱ ከምድር የባሕር ወለል ግፊት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚህ ግፊት ውስጥ ለፀሐይ የተጋለጠ በረዶ አይቀልጥም፤ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ይተናል። ወገቡ አካባቢ ሙቀቱ ስለሚበረታ ከአፈር ስር ያለውም ቀስ በቀስ ያልቃል። ወደ ዋልታዎቹ እየቀረባችሁ ስትሄዱ ግን ጥቂት ሴንቲሜትር ደረቅ አፈር በቂ ይሆናል። አፈሩ የቀኑንና የበጋውን ሙቀት ይከላከላል፣ እንፋሎቱንም ያግዳል። በረዶው ከስሩ ለብዙ ሺህ ዓመታት ይቆያል።

ይህን ያሰቡት ሰዎች መንኮራኩር ማርስን መዞር ከመጀመሯ በፊት ነው ያሰቡት። በ1966 የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ሮበርት ሌይተንና ብሩስ መሪ በማርስ ላይ ያለውን የሙቀት ሚዛን በኮምፒውተር አሰሉ። ሒሳቡ ሁለት ነገር ነገራቸው። አንደኛ፣ በየክረምቱ ዋልታዎቹን የሚያለብሰው ነጭ ነገር የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ ነው። ሁለተኛ፣ በዋልታዎቹ ዙሪያ ከአፈር ስር ብዙ የውሃ በረዶ ሊኖር ይገባል። ለሁለተኛው ማረጋገጫ 36 ዓመት ነው የተጠበቀው።

ማረጋገጫውን ያመጣችው ኦዲሲ የምትባለው የናሳ መንኮራኩር ናት። በጥቅምት 2001 ማርስ ደረሰች። በሚቀጥለው ዓመት የካቲት ላይ መለካት ጀመረች። የተጠቀመችበት ዘዴ ለእኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚበልጥብኝ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

ከህዋ ኮስሚክ ጨረር የሚባሉ እጅግ ፈጣን ቅንጣቶች ያለማቋረጥ ይዘንባሉ። እኛን ወፍራሙ አየራችንና የምድር መግነጢሳዊ መስክ ይከልሉናል። ማርስ አየሯ ስስ ነው፤ እንደ ምድር ሁለንተናዋን የሚሸፍን መግነጢሳዊ መስክም የላትም። ቅንጣቶቹ አፈሩን በቀጥታ ይመቱታል። ከአፈሩ አተሞች ውስጥም ኒውትሮኖችን ያፈናጥራሉ። ኒውትሮኖቹ ከአተም አተም እየተጋጩ ይዞራሉ። ከፊሎቹ አምልጠው ወደ ህዋ ይወጣሉ።

ልጅ ሆኖ ብይ የተጫወተ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። ብይ ትልቅ ድንጋይ ስትመታ ፍጥነቷን እንደያዘች ትነጥራለች። እኩያዋን ብይ ስትመታ ግን ፍጥነቷን ለዚያችኛዋ ሰጥታ ቀጥ ትላለች። ለኒውትሮን እኩያው የሃይድሮጅን ኒውክለስ ነው። ክብደታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ሲሊከኑ፣ ብረቱ፣ ኦክስጅኑ ለሱ ድንጋይ ናቸው። ስለዚህ አፈሩ ውስጥ ሃይድሮጅን ከበዛ ኒውትሮኖቹ ቶሎ ይደክማሉ። መካከለኛ ፍጥነት ይዘው መንኮራኩሯ ጋ የሚደርሱት ቁጥራቸው ያሽቆለቁላል። መሣሪያው ቁጥሩ የት እንደቀነሰ ይመዘግባል። የቀነሰበት ቦታ ሃይድሮጅን አለ። የደከሙትን ኒውትሮኖች ሃይድሮጅኑ ሲውጣቸው ደግሞ ጉልበቱ የታወቀ የጋማ ጨረር ይለቃል። እሱም ለብቻው ይለካል።

ልብ በሉ፣ ይሄ ዘዴ ብርሃን አይፈልግም። ወደ ታች የሚልከው ነገርም የለም። ተፈጥሮ ራሷ ስትመታና ስትመልስ መቁጠር ብቻ ነው። የሚነግረንም ስለላይኛው 1 ሜትር አፈር ነው፤ እኛ የምንፈልገው ጥልቀት ላይ ማለት ነው።

ኦዲሲ ላይ ይህን የሚለኩ ሦስት መሣሪያዎች ነበሩ። የጋማውን የመሩት የአሪዞና ዩኒቨርሲቲው ዊሊያም ቦይንተን ናቸው። ከኒውትሮን መለኪያዎቹ አንዱ የአሜሪካው ሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሲሆን የመሩት ዊሊያም ፌልድማን ነበሩ። ሌላው ከሩሲያ የህዋ ምርምር ተቋም የመጣ፣ በኢጎር ሚትሮፋኖቭ የሚመራ ነበር። ሦስቱም አንድ ነገር አሉ። ከደቡብ 60 ዲግሪ ኬክሮስ በታች ያለው ሰፊ መሬት በሃይድሮጅን የተሞላ ነው። ውጤቱ በግንቦት 2002 ታተመ። መጠኑ ሰውን አስደነገጠ። በአንዳንድ ቦታ ከላይኛው ደረቅ አፈር ስር ካለው ንብርብር በይዘት ከግማሽ በላዩ በረዶ መሆን ነበረበት። ይህን ያህል ሃይድሮጅን በማዕድን ውስጥ የታሰረ ነው ማለት አያስኬድም።

ሰሜኑስ? ያኔ በሰሜን ክረምት ነበር። መሬቱ የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ ለብሷል። እሱ ሃይድሮጅን ስለሌለው ከስሩ ያለውን ከመሣሪያዎቹ ጋርዶታል። ወራት ተጠበቀ። ልብሱ ሲገፈፍ ሰሜኑም በሃይድሮጅን የተሞላ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንምጣ። የኒውትሮን ካርታ ደብዛዛ ነው። አንዷ ነጥብ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚለካ መሬት አማካይ ናት። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለውን አገር በአንድ ቀለም ቀብታችሁ አስቡት። ሰው ያንን ይዞ የት ልቆፍር ሊል አይችልም። ደግሞም መሣሪያው የሚያየው ሃይድሮጅንን ነው እንጂ በረዶን አይደለም። በወገቡ አካባቢ የሚታየው አነስ ያለ ሃይድሮጅን በማዕድናት ውስጥ የታሰረ ውሃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምስክር ሙቀት ነው። ደረቅ፣ አቧራማ አፈር ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። በረዶ ግን ያስተላልፋል፣ ያከማቻልም። ከአፈሩ ስር በረዶ ካለ በበጋ የገባው ሙቀት ወደ ታች ሰርጎ ይጠራቀማል። በመኸር ቀስ እያለ ይመለሳል። ላይኛው አፈር በረዶ ከሌለበት ጎረቤቱ ጥቂት ዲግሪ ይሞቃል፤ የክረምቱ ውርጭም ዘግይቶ ይይዘዋል። ከምህዋር ሆኖ የአንድን ቦታ ሙቀት በየወቅቱ የሚከታተል ሰው ልዩነቱን ያያል። ከልዩነቱም ጥልቀቱን ያሰላል። በረዶው ወደ ላይ በቀረበ ቁጥር ምልክቱ ይጎላል።

በ2019 የናሳው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ተመራማሪ ሲልቫን ፒኬና ባልደረቦቹ የሁለት መንኮራኩሮችን የሙቀት መረጃ አገናኝተው ካርታ አወጡ። በአንዳንድ ቦታ በረዶው ከላዩ 2.5 ሴንቲሜትር ብቻ ወርዶ ነው ያለው ይላል ካርታው። የጣት አንድ አንጓ ማለት ነው። ይሄኛው ካርታ ከኒውትሮኑ በጣም የጠራ ነው። በሰሜን አርካዲያ ፕላኒሺያ የሚባለው ሰፊ ሜዳ ጎልቶ የወጣውም በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ነው።

እስካሁን ሁሉም ከሩቅ ነው። ማንም አልነካም። በግንቦት 25 ቀን 2008 ግን ፊኒክስ የምትባል መንኮራኩር በሰሜን 68 ዲግሪ ላይ አረፈች። ቦታው የተመረጠው የኦዲሲን ካርታ በመያዝ ነው። እዚህ ላይ የሳይንስን ድፍረት እዩልኝ። ካርታው ተሳስቶ ቢሆን ዓለም እያየ ባዶ አፈር ሊቆፈር ነበር።

ባዶ አልነበረም። ሲያርፉ የሞተሮቹ ንፋስ ከመንኮራኩሯ ስር ያለውን አፈር ጠርጎ አንጸባራቂ ጠፍጣፋ ነገር አወጣ። ከዚያ ክንዷ ቦይ መቆፈር ጀመረ። ጥቂት ሴንቲሜትር ወርዶ ነጭ ነገር አገኘ። ቦዩ ጥግ ላይ ጠጠር የሚያክሉ ነጭ ቁርጥራጮች ወድቀው ቀሩ። ሰኔ 15 በተነሳው ፎቶ ላይ አሉ። ሰኔ 19 በተነሳው ላይ የሉም። ንፋስ አልወሰዳቸውም፤ ተንነው ነው የጠፉት። ጨው ቢሆኑ ኖሮ ጨው አይተንም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ ቢሆኑ ደግሞ በዚያ ሙቀት አንድ ቀን እንኳ አይቆዩም ነበር። የቀረው መልስ አንድ ነው፦ የውሃ በረዶ።

በሐምሌ መጨረሻ ላይ ነገሩ ተደመደመ። ፊኒክስ ከቆፈረችው አንዱን ናሙና በትንሽ ምድጃ ውስጥ አሞቀችው። ዜሮ ዲግሪ ላይ ቀለጠ፤ እንፋሎቱም ውሃ ነበር። ያንን ምድጃ የመሩት ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? ዊሊያም ቦይንተን። ከስድስት ዓመት በፊት በጋማ ጨረር «በረዶ አለ» ያሉት ሰው ናቸው። አንድ ተመራማሪ ከምህዋር የተናገረውን በራሱ መሣሪያ አፈር ውስጥ ገብቶ ሲያረጋግጥ ማየት ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ፊኒክስ ግን ሌላም ነገር አስተማረች። አንደኛው ቦይ ውስጥ ንጹህ ሊባል የሚችል በረዶ ነበር። ጥቂት እርምጃ ርቆ ያለው ሌላው ቦይ ውስጥ ደግሞ አፈር ከበረዶ ጋር ተጣብቆ እንደ ሲሚንቶ ጠንክሯል። ጥልቀቱም ከቦይ ቦይ ከ5 እስከ 18 ሴንቲሜትር ይለያያል። በአንድ ግቢ ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ካለ፣ የመቶዎች ኪሎ ሜትር አማካይ ምን ያህል እንደሚደብቅ አስቡት።

68 ዲግሪ ግን ለሰው ሩቅ ነው። ክረምቱ ጨለማና ገዳይ ነው። ፊኒክስ ራሷ ከአምስት ወር ብዙም አልዘለቀችም። ወደ ወገብ ጠጋ ብሎ የሚቆፍር ማን አለ? ማርስ ላይ የሚቆፍር ሰው የለም። ሆኖም ከሰማይ የሚወድቁ ድንጋዮች አሉ።

ማርስ ሪኮኔሳንስ ኦርቢተር የምትባለው መንኮራኩር ከ2006 ጀምሮ ማርስን እየዞረች ነው። አንደኛው ካሜራዋ ሰፊ ቦታ ያነሳል። ቀድሞ ባልነበረበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ካየ አዲስ ድንጋይ ወድቆ አቧራውን በትኗል ማለት ነው። ያኔ ሃይራይዝ የሚባለው ጉልበተኛ ካሜራ ወደዚያ ይዞራል። ሃይራይዝ መሬት ላይ ያለ የምግብ ጠረጴዛን ከህዋ ለይቶ ያያል። በ2008 እንዲህ ከተነሱት ትንንሽ አዳዲስ ጉድጓዶች ውስጥ ደማቅ ነጭ ነገር ታየ። ሼን በርንና ባልደረቦቹ በ2009 አምስት እንዲህ ዓይነት ቦታዎችን አሳተሙ። ከሰሜን 43 እስከ 56 ዲግሪ ባለው ውስጥ ናቸው።

ነጩ ነገር በየወሩ እየደበዘዘ ሄደ። ደስ የሚለኝ ይህ መደብዘዝ ራሱ መለኪያ መሆኑ ነው። በረዶው በአፈር የተሞላ ቢሆን ኖሮ፣ ጥቂቱ ሲተን የተረፈው አፈር ቶሎ ይሸፍነውና ነጩ በፍጥነት ይጠፋ ነበር። እሱ ግን ወራት ቆየ። ስለዚህ የበረዶው ንጽህና እስከ 99 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ገመቱ። ይሄ ማንም ያልጠበቀው ነው። ብዙዎች በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለውን ቀዳዳ የሞላ በረዶ ብቻ ነበር የጠበቁት።

ከዚያው ጥናት የማልረሳው አንድ ነገር አለ። ቫይኪንግ 2 በመስከረም 1976 በሰሜን 48 ዲግሪ ገደማ አርፋ ሕይወት ስትፈልግ አፈር ቆፍራ ነበር። የበርን ቡድን ስሌት እንደሚለው ትንሽ፣ ወደ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ፣ ጠልቃ ብትቆፍር በረዶውን ልታገኘው ትችል ነበር። እንዲህ ሆኖ ቢሆን የማርስ ምርምር 30 ዓመት ቀድሞ መንገዱን ይቀይር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከጉድጓዶቹ ሁሉ ትልቁ የመጣው በታኅሣሥ 24 ቀን 2021 ነው። ኢንሳይት የምትባለው አራፊ መንኮራኩር በመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዋ በሬክተር 4 የሚገመት መናወጥ መዘገበች። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የማርስ ሪኮኔሳንስ ኦርቢተር ካሜራዎች ከኢንሳይት 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ 150 ሜትር ስፋት ያለው አዲስ ጉድጓድ አገኙ። ቀኑ ገጠመ። በጉድጓዱ ዙሪያ ትላልቅ የበረዶ ቋጥኞች ተበትነዋል። ቦታው አማዞኒስ ፕላኒሺያ፣ ሰሜን 35 ዲግሪ ነው። ያን ያህል ወደ ወገብ የቀረበ የተቀበረ በረዶ በዓይን ታይቶ አያውቅም ነበር። ከ68 ዲግሪ ጀምረን 35 ላይ ደረስን ማለት ነው።

ጉድጓድ የሚያሳየን ነጥብ ብቻ ነው። ውፍረቱን ያየነው ገደሎች ላይ ነው። በ2018 የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ተመራማሪ ኮሊን ዳንደስና ጓደኞቹ ስምንት ገደሎችን አሳተሙ። አብዛኞቹ በደቡብ፣ ሁሉም ከ55 ዲግሪ አለፍ ብለው ያሉ ናቸው። ገደሉ ተሸርሽሮ ጎኑ ሲገለጥ በረዶው ከላዩ 1 ወይም 2 ሜትር ወርዶ ይጀምርና ከ100 ሜትር በላይ ወደ ታች ይዘልቃል። በውስጡም ንብርብር ይታያል። ይህ ከሰማይ እየዘነበ የተከመረ በረዶ ይመስላል። ማርስ እንደ ምድር ትልቅ ጨረቃ የላትም፤ ዘንበል ማለቷም አይረጋም። ዛሬ 25 ዲግሪ ነው። ባለፉት 10 ሚሊዮን ዓመታት ግን ከ15 እስከ 45 ዲግሪ ድረስ ተመላልሷል። አብዝታ ስትዘነብል ዋልታዎቹ ፀሐይ ይመታቸዋል፣ በረዷቸው ይተንና ወደ መካከለኛው ኬክሮስ ሄዶ ይዘንባል። ዛሬ የምናገኘው የዚያን ዘመን ትራፊ ነው።

አሁን ወደ ራዳር ልምጣ። ብዙ ሰው «በራዳር ማየት እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ይላል። ሻራድ የሚባል የጣሊያን ራዳር በማርስ ሪኮኔሳንስ ኦርቢተር ላይ አለ። 20 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ታች ይልካል። ከፊሉ ከላዩ ይመለሳል፣ ከፊሉ ሰርጎ ከስሩ ካለው ንብርብር ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ይለካል። ግን ጊዜን ወደ ጥልቀት ለመቀየር ሞገዱ በውስጡ የሄደበትን ፍጥነት ማወቅ ያስፈልጋል። በበረዶ ውስጥ በሰከንድ 170 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በጥቅጥቅ የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ከዚያ በብዙ ይቀንሳል። ፍጥነቱን ካወቅን ቁሱን አወቅን።

አሊ ብራምሰንና ባልደረቦቿ በ2015 አርካዲያ ላይ የሰሩት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እዚያ ውስጣቸው እንደ እርከን የተደረደረ ጉድጓዶች አሉ። እርከኑ የሚፈጠረው ድንጋዩ ደካማ ንብርብር በስቶ ጠንካራው ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ የንብርብሩን እውነተኛ ጥልቀት ከፎቶ መለካት ይቻላል። የራዳሩ ጊዜ ደግሞ በእጅ አለ። የጥልቀቱን ደርሶ መልስ ለጊዜው ስታካፍሉ ፍጥነቱ ይወጣል። የወጣው ፍጥነት ለበረዶ የቀረበ ነው። በዓመቱ በዩቶፒያ ፕላኒሺያ የካሲ ስተርማን ቡድን ከ80 እስከ 170 ሜትር የሚወፍር በረዶ አዘል ንብርብር አገኘ። በውስጡ ያለው ውሃ ከሰሜን አሜሪካው ሱፒሪየር ሐይቅ ጋር ይመጣጠናል ተብሎ ተገምቷል።

ሁሉም ግን አልተስማማም። ደረቅና ቀዳዳው የበዛ የእሳተ ገሞራ አመድም ሞገዱን እንደ በረዶ ፈጥኖ ያሳልፋል። በአርካዲያ ላይ ሞገዱ የሚዳከምበትን መጠን የመረመሩ ሌሎች ሰዎች የበረዶው ድርሻ ትንሽ ነው ብለው ተከራክረዋል። እኔ ይህን ክርክር እወደዋለሁ። ሁለቱም ወገን የሚያየው አንድን መረጃ ነው፤ ማንም ከኪሱ አያወጣም።

የራዳሩ ዋና ችግር ግን ሌላ ነው። ከላዩ የሚመለሰው ሞገድ እጅግ ብርቱ ስለሆነ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ይውጠዋል። ሻራድ የመጀመሪያዎቹን 10 ሜትርና ከዚያም አለፍ ያለውን ለይቶ ማየት ይቸግረዋል። አሁን ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ኒውትሮን እስከ 1 ሜትር። ሙቀትም እንዲሁ እላዩ አካባቢ። ራዳር ከ10 ሜትር በኋላ። በመሀል፣ ከ1 እስከ 10 ሜትር ባለው ውስጥ፣ አንዱም በደንብ አያይም። ለቆፋሪ ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ያ ጥልቀት ነው!

ይህን ክፍተት በብልሃት ለማጥበብ የሞከረ ሥራ አለ። ስዊም ይባላል። ናትናኤል ፑትዚግና ጋሬዝ ሞርጋን የሚመሩት የበረዶ ካርታ ሥራ ነው። አምስት ዓይነት ማስረጃ ይወስዳሉ፦ ኒውትሮን፣ ሙቀት፣ የመሬቱ ቅርፅ፣ የራዳር የላይኛው ምላሽ፣ የራዳር የታችኛው ምላሽ። ለእያንዳንዱ ቦታ እያንዳንዱ ማስረጃ ከ−1 እስከ +1 ነጥብ ይሰጣል። +1 ማለት «በረዶ ይመስላል» ነው። −1 ማለት «በረዶ ሊሆን አይችልም» ነው። ዜሮ «አላውቅም» ነው። ከዚያ ይደመራል። አንድ መሣሪያ ተቃውሞውን የሚያሰማበት ቦታ መስጠታቸው ለእኔ የሥራው ክብር ነው። ደጋፊ ማስረጃ ብቻ የሚሰበስብ ካርታ ሰውን ባዶ መሬት ላይ ሊያሳርፍ ይችላል።

ቢሆንም ደብዛዛ ምስክሮችን ማብዛት አንድ ጥሩ ምስክርን አይተካም። የሚያስፈልገው ለዚህ ጥልቀት ተብሎ የተሰራ ራዳር ነው። ሞገዱ አጠር ያለ፣ ብዙ የማይጠልቅ፣ ግን ላይኛውን ጥቂት ሜትር በጠራ ሁኔታ የሚያይ። በ2021 ናሳ፣ ካናዳ፣ ጃፓንና ጣሊያን እንዲህ ዓይነቷን መንኮራኩር አብረው ለመስራት መስማማታቸውን አስታወቁ። የማርስ በረዶ ካርታ አንሺ ልትሆን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ናሳ በበጀት ጥያቄው ላይ ድጋፉን እንደሚያቆም ገለጸ። እውነቱን ለመናገር አዝኛለሁ። ሰውን ወደ ማርስ ስለመላክ በየመድረኩ ይነገራል። ሰዎቹ የሚጠጡትን ውሃ የሚያሳየው መሣሪያ ግን ሲቆረጥ ብዙ አልተጮኸም። ገንዘብ ሲጠብ መጀመሪያ መቀነስ ያለበት ይህ አልነበረም የሚል አቋም አለኝ።

እናንተ ተማሪዎች «እኛስ ምን አገባን?» እንዳትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እስካሁን የጠራኋቸው የናሳ መረጃዎች ሁሉ ነፃ ናቸው። የኦዲሲ ኒውትሮን፣ የሙቀቱ መረጃ፣ የሻራድ ራዳር፣ የሃይራይዝ ፎቶዎች ለማንም ክፍት በሆነ ማኅደር ውስጥ ተቀምጠዋል። የስዊም ካርታዎችም እንዲሁ። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ያለው ሰው ባሕር ዳር ሆነ ጅማ ተቀምጦ ማውረድ ይችላል። ሃይራይዝ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ ሕዝብ «ይህን ቦታ አንሱልን» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ አለው። ዶክትሬት አይጠየቅበትም። ምክንያቱን መጻፍ ብቻ ነው።

እኛ አገር በርቀት ቅኝት የሰለጠኑ ልጆች አሉን። ድርቅና የእርሻ መሬት በሳተላይት ፎቶ ሲከታተሉ የሚጠቀሙበት ችሎታ ለዚህም ይሆናል። የሙቀት ሞገድ፣ የራዳር ምላሽ፣ የመሬት ቅርፅ ማንበብ አንድ ዓይነት ሙያ ነው። መጀመር ለሚፈልግ ቦታም እጠቁማለሁ። ከሰሜን 30 እስከ 40 ዲግሪ ያለውን ቀበቶ ውሰዱ። በረዶው የሚያልቅበት ድንበር እዚያ ውስጥ ነው። ስዊም ላይ ነጥቡ ዜሮ አካባቢ የሚዋልልባቸውን ቦታዎች ፈልጉ። ከዚያ በዚያው ቦታ የተነሱ የቆዩና አዳዲስ ፎቶዎችን አወዳድሩ። አዲስ ጥቁር ነጥብ ካገኛችሁ፣ መሀሉ ነጭ መሆን አለመሆኑን እዩ። ነጭ ከሆነ ካርታው ይስተካከላል። ነጭ ካልሆነም ይስተካከላል።

የፋይሎቹን አድራሻ ጽፌ ይዤ መጥቻለሁ፤ ስንጨርስ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ታገኙታላችሁ። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ። አመሰግናለሁ።